የአብዱልሰላም ወረራ

አባቴ አብዱልሰላም ኮርቻ ሰፊ ነበር። ሱቃችን ከእህል በረንዳ ጀርባ፣ ከአድአና ከሰላሌ ጤፍ ጭነው የሚመጡ በቅሎዎች በሚራገፉበት መንገድ ላይ ነበረች። ሁለት ሰው ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ ከተቀመጠ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ቢሆንም ባለ በቅሎ ሁሉ ያውቃት ነበር፤ አባቴ የሰፋው ኮርቻ የበቅሎ ጀርባ አይልጥም ይባል ነበርና።

አርባ ስምንት ዓመት ሲሆነው ዓይኑን ሞራ ጋረደው። መጀመሪያ ግራው፣ በዓመቱ ቀኙ ሄደ። ሐኪም ዘንድ ወስጄው ነበር፤ ሞራው ብቻ ሳይሆን ከኋላ ያለው ጅማትም እንደደከመ ነገሩን። እናቴ ቀደም ብላ ስላረፈች ቤት ውስጥ የቀረነው እሱና እኔ ነን። እኔ ጠሂራ እባላለሁ፤ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቆዳውን እኔ ቆርጬ አቀብለዋለሁ፣ እሱ በጣቱ እየዳሰሰ ይሰፋል። ደንበኞች ጥፍራቸውን ክሩ ላይ አሳልፈው «ይሄንን ማን ሰፋው?» ሲሉ፣ «እኔ ነኝ። ምነው፣ ጠመመ?» ይላቸዋል ኮራ ብሎ። ጠሞ አያውቅም።

ከስፌቱ ቀጥሎ የሚወደው ሰንጠረዥ ነበር። ከወሎ፣ ከቃሉ ሲመጣ ከአባቱ የወረሰውን ይዞ ነው የመጣው፤ ቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር መስመር ቤት ቤቱ የተከፈለ፣ ከቀንድ የተጠረቡ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ግንብና ወታደሮች ያሉት። ዓይኑ ከጠፋም በኋላ አልተወውም። ቀትር ላይ፣ ከዙሁር ሶላት መልስ ሱቁ ደጅ ላይ ጨርቁን እዘረጋለሁ፤ ባለ በቅሎዎቹ ተራ በተራ ይገጥሙታል። የእነሱን እርምጃ እኔ እነግረዋለሁ፣ የእሱን ይነግረኛል፣ እኔ አንቀሳቅሳለሁ።

«እንዴት ነው ሳያዩ የሚያስታውሱት?» ሲሉት፣ «ሰሌዳው መቼ ጠፋና! ወደ ውስጥ ገባ እንጂ» ይላል።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረን። የጥንቱ ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለውም። ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል ይነሡና፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ እጃቸው በፈጠነ መጠን ሠራዊታቸውን ይደረድራሉ። የመጀመሪያው ወታደር እስኪበላ ድረስ እንዲህ ነው። ይህ ወረራ ይባላል። ታዲያ ዓይነ ስውር ሰው እየነገረኝ፣ እኔ እየሰማሁ፣ ያኛው እስኪጨርስ ምን እንሠራለን?

አባቴ ብዙ አሰበበት። በመጨረሻ «ወረራውን አንቺ ታደርጊያለሽ። የመጀመሪያው እንደተበላ እኔ ካንቺ እረከባለሁ» አለኝ።

አሰላለፉንም አስተማረኝ። ወታደሮቹን አንድ አንድ ቤት ብቻ ከፍ ማድረግ፣ ፈረሶቹን ከኋላቸው መጠጋት፣ ፊሎቹን ጥግና ጥግ መሸሸግ። መሐል ሜዳውን ፈጽሞ አለመንካት። ከሁሉም በላይ የደጋገመልኝ ይህን ነበር፦ «በወረራ ጊዜ የራስሽን ዕቃ አትይ። እጅሽ የራሱን ያውቃል። ዓይንሽ የሌላው ሰው እጅ ላይ ይሁን። ሰው ልቡን የሚደብቀው ፊቱ ላይ ነው፤ እጁ ላይ ግን አይችልም።»

እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት ያህል ተጫወትን። የባለ በቅሎዎቹን እጅ ሁሉ ለየሁ።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ፣ ጋሼ ወልደሚካኤል የሚባሉ የሒሳብ አስተማሪ የቦርሳቸውን ማንጠልጠያ ሊያሰፉ መጡ። ከአውቶቡስ ተራ ከፍ ብሎ ያለው የሠፈሩ ክበብ ጸሐፊ ነበሩ። ደጅ ላይ አባቴ ከአንድ ባለ በቅሎ ጋር ይጫወት ነበር። ቦርሳቸው ተሰፍቶ አለቀ፤ እሳቸው ግን እንደቆሙ ናቸው። አባቴ ያንን ሰውዬ በሁለት ፊልና በአንድ ወታደር ንጉሡን አስጨንቆ ሲያሸንፈው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጋሼ አብዱልሰላም፣ እኛ ክበብ ውስጥ አዲሱን ሰንጠረዥ፣ ቼዝ የሚባለውን እንጫወታለን። ጥር ላይ ውድድር አለን። ለምን አይመዘገቡም?»

«ዓይን የለኝም እኮ።»

«የልጅዎ እጅ አለ።»

«ሕጉስ?»

«ሕጉን እኔ አስተምርዎታለሁ።»

ቃላቸውን ጠበቁ። ሦስት ሳምንት፣ በየቅዳሜው እየመጡ አስተማሩን። ልዩነቱ ብዙ አልነበረም፤ የነበረው ግን ከባድ ነበር። ወረራ የለም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተራ በተራ ነው። ወታደርም ከፈለገ ከመነሻው ሁለት ቤት ይገፋል። ፊል ድሮ ሁለት ቤት ዘሎ የሚያርፍ ደካማ ነበር፤ አሁን በሰያፍ የፈለገውን ያህል ይሄዳል። ፈርዝ ደግሞ፣ ያቺ አንዲት ቤት ብቻ የምትንፏቀቀው፣ ንግሥት ሆና ሜዳውን ሁሉ ታካልለዋለች። አባቴ ይህን ሲሰማ ሣቀ። «ለአሮጊቷ ክንፍ አበቀሉላት!» አለ።

ጋሼ ወልደሚካኤል ለእኔም አንድ ሕግ ሰጡኝ። ጮክ ብዬ የተጋጣሚውን እርምጃ እነግረዋለሁ። እሱ የሚለውን ከመንካቴ በፊት እደግመዋለሁ። ከዚያ አንቀሳቅሳለሁ። «አንቺ እጅ ነሽ፣ ጠሂራ። እጅ ደግሞ አስተያየት የለውም» አሉኝ።

ጥር ደረሰ። የክበቡ አዳራሽ መስኮቶች በበርበሬ በረንዳ በኩል ስለሚከፈቱ፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር አዳራሹ ሙሉ ያስነጥሳል። ተጫዋቾቹ ዐሥራ ስድስት ናቸው፤ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች፣ አስተማሪዎች፣ አንድ አርመናዊ ሰዓት ሠሪ። አባቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ቆቡን ደፍቶ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ሲገባ የሁሉም ዓይን ወደ እኛ ዞረ። አክስቴ ጀሚላ አስቀድማ «ያላገባች ልጅ ይዘህ ወንድ መሐል ትቀመጣለህ?» ብላው ነበር። እሱም «እኔም ወንድ ነኝ፤ ከእኔ ጋር ዘመኗን ሁሉ ተቀምጣለች» ብሏት አለፈ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዎች አሸነፈ። አሰላለፉን እንደዚያው እንደ ጥንቱ ሠራ፤ ልዩነቱ ተራ በተራ መሆኑ ነው። ለእሱ ይህ ቅንጦት ነበር፤ የድሮ ወረራ በሩጫ ነው፣ ይኼኛው በእግር ጉዞ። ሦስተኛው ተጋጣሚው አሸብር ሆነ።

አሸብር የክበቡ አንደኛ ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ይሠራል፤ ክራቫቱ ከአንገቱ አይለይም። ቼዝን ከጣሊያንኛ መጽሐፍ ነው ያጠናው። የእያንዳንዱን አጀማመር ስም ያውቃል፤ ጨዋታ ሲጀመር «ይህ እንዲህ ይባላል፣ ይህ እንዲያ ይባላል» ይላል። የአባቴን አሰላለፍ ሲያይ ግን ሰሌዳውን ደጋግሞ ቃኘ። ቆይቶ «ይኼ ስም የለውም» አለ።

ጨዋታው ሁለት ሰዓት ቆየ። ወታደሮች ተበላሉ፤ ሁለቱም እኩል ነበሩ። አባቴ ደክሞታል፤ ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ። በመጨረሻ «የቀኝ ፈረስ፣ ወደ ዳር፣ አራተኛው ቤት» አለኝ።

ሰሌዳውን አየሁ። ያንን ቤት ይጠብቅ የነበረው ወታደር ቀደም ብሎ ተበልቷል። የአሸብር ንግሥት ደግሞ ከወዲያ ማዶ፣ በሰያፍ፣ ያንኑ ቤት አፍጥጣ እያየች ነው። ድሮ ቢሆን ፈርዝ እዚያ ድረስ አትደርስም ነበር። አባቴ በድካሙ ወደ ጥንቱ ሰንጠረዥ ተመልሷል።

ሕጉ ደግሜ እንድናገር ያዛል። እዚያ ላይ ድምፄን ትንሽ ብቻ ብሰብረው፣ መጨረሻው ላይ ጥያቄ አስመስዬ ብስበው፣ አባቴ ይገባው ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ድምፄን ያውቀዋል። ማንም አያውቅብኝም። አሸብር ወደ ጣሪያው እያየ ነበር። ጋሼ ወልደሚካኤል ግን እኔን እያዩኝ ነበር።

«የቀኝ ፈረስ፣ ወደ ዳር፣ አራተኛው ቤት» አልኩ። ሌላውን ሁሉ ስል እንደዋልኩት ነው ያልኩት። ከዚያ ፈረሱን አንሥቼ እዚያ አስቀመጥኩት።

አሸብር በላው። ስነግረው አባቴ «አሃ፣ አሮጊቷ» አለ በቀስታ። ከዚያ በኋላ ሠላሳ እርምጃ ያህል ታገለ፤ ግን የጎደለ ፈረስ የጎደለ ነው። ተሸነፈ።

ወደ ቤት ስንመለስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። እህል በረንዳ አጠገብ ጆንያ የተሸከሙ ሰዎች «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያሉ ይተላለፋሉ። አባቴ በዚያ ሁሉ ትርምስ መሐል ቆመ።

«አይተሽው ነበር አይደል?» አለኝ።

«አይቼው ነበር፣ አባባ።»

«ድምፅሽ አልተለወጠም።»

«አልተለወጠም።»

«እኔም አዳምጬ ነበር። ልጄ ናት፣ ስሳሳት ትነግረኛለች ብዬ ሳላስብ አልቀረሁም።» በራሴ አፍሬ መሬት መሬት አይ ነበር። እጁ ግን ትከሻዬ ላይ ጠበቅ አለ። «ወላሂ፣ ዛሬ አንቺን ከማዋረድ መቶ ፈረስ ቢበላብኝ ይሻለኛል። አሁን አንድ ነገር በእውነት ንገሪኝ። ከእኔ ቀድመሽ ማየት ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

ይህን ጥያቄ አልጠበቅኩትም። «ዓመት ሳይሆነኝ አይቀርም» አልኩት።

«ዓመት ሙሉ!» አለና መሐል መንገድ ላይ ከት ብሎ ሣቀ። አንድ ተሸካሚ ዞሮ አየን። «ዓመት ሙሉ አፍሽን ይዘሽ እንደ ግመል ትከተይኛለሽ! እንግዲህ ለከርሞ ወንበሩ ያንቺ ነው።»

ያ ዓመት እንዴት እንዳለፈ ሥራችን ይመስክር። ቀን ኮርቻ፣ ከዓስር ሶላት በኋላ ሰንጠረዥ። በአዲሱ ሕግ እኔ በእሱ ላይ እጫወታለሁ። መጀመሪያ ያሸንፈኝ ነበር፤ በሚያዝያ እኩል ሆንን፤ ከክረምት በኋላ ከሦስት ሁለቱን እኔ ወሰድኩ። ባሸነፍኩት ቁጥር ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ይነግራል። «ትናንት እንዴት እንዳረገችኝ ታውቃለህ?» ይላል፣ ራሱ ያሸነፈ ይመስል። አሰላለፉን ግን አልለወጥንም። አንድ ነገር ብቻ አከልኩበት። ጥግ ላይ የተሸሸጉት ፊሎች ዛሬ ረጅም ዓይን አላቸው። ስለዚህ ዝም ብለው የሚቀመጡ ሳይሆን የሚያደቡ ናቸው። ይህን ስነግረው ጣቱን ከመርፌው አንሥቶ «እኔ ይህን አላሰብኩትም» አለ። አባቴ እንዲህ ያለበትን ቀን በስም አልጠራውም እንጂ እንደ ዒድ ነው የምቆጥረው።

የጥር ምዝገባ ሲደርስ ሁለታችንም ወደ ክበቡ ሄድን። ስሜን ስናገር አንድ የኮሚቴ አባል «ሴት ተመዝግባ አታውቅም» አለ።

ጋሼ ወልደሚካኤል መነጽራቸውን አድርገው ደንቡን ገለጡ። «ተጫዋች ነው የሚለው። ሌላ የሚለው የለም።»

አሸብርም እዚያው ነበር። በክፋት አልነበረም የተናገረው፤ ተንኮለኛ ሰው አይደለም። ግን ተናገረ። «አባቷ አዳራሹ ውስጥ ካሉ ምን ዋስትና አለን? አንዲት ሳል ብትሆን በቂ ናት።»

የአባቴ ፊት ሲቀላ አየሁ። እሱ ከመመለሱ በፊት ጋሼ ወልደሚካኤል መነጽራቸውን አወለቁ።

«አቶ አሸብር፣ አምና የእኒህን ሰው ፈረስ የበላህ ጊዜ አስታውስ። እኔ ይህችን ልጅ እያየኋት ነበር። ፈረሱ እንደሚበላ ከአባቷ በፊት አውቃለች፤ ዓይኗ ከንግሥትህ ወደዚያ ቤት ሲሄድ አይቻለሁ። ከዚያ ግን የታዘዘችውን ደግማ ተናግራ፣ አባቷን በገዛ እጇ አሸነፈችልህ። ድምፅዋ ንቅንቅ አላለም። ዋስትና የምትለው ይህ ካልሆነ ምንድን ነው?»

አሸብር ወደ እኔ ዞረ፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ «ይህን አላወቅሁም። ይመዝገቡ» አለ። አባቴም «እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አድርጌ እቀመጣለሁ። ዓይነ ስውር ስለሆንኩ ግድግዳውም ሰሌዳውም ለእኔ አንድ ነው» አላቸውና ሁሉም ሣቀ።

ዕጣው ሁለተኛ ዙር ላይ ከአሸብር ጋር አገናኘኝ። እሑድ ነበር፤ ከዙሁር በኋላ። መጀመሪያ ያሸነፍኩት ሰው ወሬውን ነዝቶት ኖሮ አዳራሹ ጢም ብሏል። የእኛ መንገድ ባለ በቅሎዎች ጅራፋቸውን እንደያዙ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። ሰሌዳውን ማየት ለማይችሉት ጋሼ ወልደሚካኤል እያንዳንዱን እርምጃ ጮክ ብለው ይናገራሉ። አክስቴ ጀሚላ ሳትቀር መጥታ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ «ካልቀረልኝ ልየው» ብላ። አባቴ እንዳለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ። የማየው ጋቢውን፣ ትከሻውንና ቆቡን ብቻ ነው።

ነጩ ደረሰኝ። አንዱን ወታደር አንድ ቤት ገፋሁ።

አሸብር የራሱን ሁለት ቤት ገፋ። እኔ ሌላውን አንድ ቤት። እሱ ደግሞ ሁለት ቤት። በስድስተኛው እርምጃ መሐል ሜዳው ሙሉ በሙሉ የእሱ ነበር፤ አራት ጥቁር ወታደሮች ጎን ለጎን ተደርድረው እኔን ያያሉ። የእኔዎቹ እንደ አጥር ዝቅ ብለው ቆመዋል፤ ፈረሶቹ ከኋላ፣ ፊሎቹ ጥግና ጥግ።

«ምን እያደረገች ነው? ዕቃ እየደረደረች ነው እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ። ሣቅ ተሰማ።

ጋሼ ወልደሚካኤል «ፀጥታ!» አሉ።

እኔ ሣቁን አልሰማሁትም ብል ውሸት ነው። ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ድረስ ሞቆኛል። ግን አላፈርኩም። ይህ አሰላለፍ ከቃሉ ተነሥቶ፣ ከአያቴ ወደ አባቴ፣ ከአባቴ ወደ እኔ የመጣ ነው። ለአንድ ከሰዓት ሣቅ የሚፈርስ አይደለም። ዓይኔን ከሰሌዳው አነሣሁና እንደተማርኩት የአሸብርን እጅ ማየት ጀመርኩ።

እጁ ቀጭን ነው፤ ቀለም የነካው ጣት አለው። የሚያውቀውን ሲጫወት በሁለት ጣት ብድግ አድርጎ ኳ አድርጎ ያስቀምጣል። ሲጠራጠር ግን መዳፉን በመሐረብ ይጠርጋል፤ ከዚያ ዕቃውን ሳያነሣ ይገፋዋል። መጽሐፉ ያለቀበት ቦታ ላይ ስንደርስ መሐረቡ ብቅ አለ።

ከዚያ በኋላ እኔ መጠበቅ ያዝኩ። አንድ ግንብ ወዲህ፣ ቀጥሎ ወዲያ። እሱ ሊመታኝ ይፈልጋል፤ ግን የት? ንጉሤ መሐል ነው፣ በቀኝም በግራም አልተሸሸገም። በየትኛው በኩል እንደሚመጣ መወሰን አቃተው። ሃያ ደቂቃ አሰበ። በርበሬው ከውጭ መጣና አዳራሹ ሙሉ አስነጠሰ፤ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ መዳፉን ጠረገና ከገዛ ንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ወደ እኔ ገፋው። በቀስታ። ሳያነሣ።

በሩን ከፈተ።

መሐል ያለውን ወታደሬን ወደ ፊት ሰደድኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። በላው። ፈረሴ የእሱን በልታ እዚያው መሐል ሜዳ ላይ ቆመች። ከፈረሷ ኋላ፣ ጥግ ላይ፣ ከጨዋታው መጀመሪያ ጀምሮ ማንም ያላያት ፊል አለች። ፊቷ ያለው ሰያፍ መንገድ ቀጥታ የአሸብርን ንጉሥ ጓዳ ይገባል። መንገዱ ላይ የቆመችው የገዛ ፈረሴ ብቻ ናት።

አሸብር ፈረሷን ነው ያየው። ሊያስፈራራት ግንቡን አመጣ። በሁለት ጣት፣ ኳ።

ፈረሷን አነሣኋት፤ አንዱን ጥቁር ወታደር በላችና ንግሥቱን ከምታስፈራራበት ቤት ላይ አረፈች።

«ንጉሥ» አልኩት። ፊሏ ከኋላ ንጉሡን አይታዋለችና ማስጠንቀቅ አለብኝ።

ጋሼ ወልደሚካኤል እርምጃውን ጮክ ብለው ተናገሩ። አዳራሹ ገና አልገባውም ነበር፤ «ምን አለች? ምን አለች?» ይባላል። እኔ ግን ወደ ግድግዳው አየሁ። የአባቴ ትከሻ ቀና አለ። ቆቡን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ከሰው ሁሉ በፊት አይቶታል። አሸብር ንጉሡን ማዳን አለበት፤ ንጉሡን ሲያድን ፈረሷ ንግሥቱን ትበላለች። ሌላ መውጫ የለውም።

አሸብር ራሱም ተረዳው። መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ከእንግዲህ አላስፈለገውም። ንጉሡን አሸሸ። ፈረሷ በላች። ያኔ በሩ ላይ ያሉት ባለ በቅሎዎች ገባቸውና አንዱ «አላሁ አክበር!» ብሎ ጮኸ። ጋሼ ወልደሚካኤል ጠረጴዛ መቱ፤ ግን እሳቸውም ፈገግታቸውን መያዝ አቅቷቸው ነበር።

ሌላ ዐሥር እርምጃ ሄድን። ከዚያ አሸብር ንጉሡን በጣቱ አጋደመና ተነሣ።

«እኅቴ፣ ይህን አጀማመር ከየት አመጣሽው? በመጽሐፌ ውስጥ የለም።»

«አባቴ ነው ያመጣው። ከወሎ።»

አባቴ አሁን ዞሮ ተነሥቷል። እኔ ልይዘው ስሄድ እሱ በእጁ ፊት ለፊቱ ያሉትን ሰዎች እየዳሰሰ ወደ እኔ መጣ። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀለት። ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሬን ሳመኝ፤ መዳፉ የክር ሰም ይሸታል። አክስቴ ጀሚላ ከመስኮቱ ሥር «የወንድሜ ልጅ ናት!» እያለች አጠገቧ ላለው ለማታውቀው ሰው ትናገር ነበር።

ውድድሩን አላሸነፍኩም። በመጨረሻው ዙር አርመናዊው ሰዓት ሠሪ በትዕግሥት በለጠኝ፤ ሁለተኛ ወጣሁ። የክበቡ ሰው ግን ያንን ዓመት የሚያስታውሰው በአንደኛው አይደለም። ስለ እሑዱ ጨዋታ ነው የሚያወራው።

በሳምንቱ አሸብር ሱቃችን መጣ። ክራቫቱን እንዳሰረ፣ የእህል አቧራ ጫማው ላይ ተቀምጦበት፣ እጁ ላይ ደብተር አለ። ከጣሊያንኛው መጽሐፍ የገለበጣቸው አጀማመሮች ሁሉ በስም በስማቸው የተጻፉበት ነው። የእኛን እንዳሳየው ለመነኝ። ጨርቁን ዘርግቼ አንድ በአንድ አሳየሁት፤ እሱም ጻፈ። መጨረሻ ላይ ብዕሩን አንሥቶ «ስሙን ምን ልበለው?» ብሎ ጠየቀ።

አባቴ መርፌውን ሳያቆም «የጠሂራ በለው» አለ።

«አይሆንም። የአብዱልሰላም ወረራ ነው» አልኩ።

«እኔ እሱን አላሸነፍኩበትም እኮ።»

«አባባ፣ ኮርቻውን የሰፋኸው አንተ ነህ» አልኩት። «እኔ ጋለብኩበት እንጂ።»

አሸብር እንዳልኩት ጻፈው። በእንግድነት ቡና ቀርቦለት ጠጣና፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ የጥንቱን ወረራ እንድናስተምረው ቀጠሮ ይዞ ሄደ። ከበሩ እንደወጣ አባቴ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝ።

«ጠሂራ፣ ስሜን በትክክል ጽፎታል?»

«በትክክል ጽፎታል፣ አባባ። በትልልቅ ፊደል።»

ራሱን ነቀነቀና ክሩን ሰም መቀባት ጀመረ። ከሰላሌ የመጣ አንድ ባለ በቅሎ ደጅ ደርሶ ሰላምታ ሲያቀርብ፣ አባቴ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስለት «ግባ፣ ተቀመጥ እስኪ፤ አንድ ነገር ልንገርህ» አለው።